ስቲል ጊታር ስታድኑ ከተጫዋቹ ስም ጀምሩ

የድሮ ዌስተርን ስዊንግ (ካንትሪንና ጃዝን የቀላቀለ የአሜሪካ ሙዚቃ) የምትወዱ ካላችሁ አንዲት ዘዴ ላካፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ40ዎቹ በወጡት ሸክላዎች ላይ የሚጻፈው የባንዱ መሪ ስም ነው። ስቲል ጊታሩን (ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ጊታር) የተጫወተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀስም። ስለዚህ ዝም ብሎ «ስቲል ጊታር» እያሉ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተጫዋቹን ስም ያዙ፦ ቦብ ደን፣ ሊዮን ማኮሊፍ፣ ኖኤል ቦግስ። (እኔን ብትጠይቁኝ ከቦብ ደን ጀምሩ። በ1935 ከሚልተን ብራውን ባንድ ጋር የተቀዳው ዛሬም ጉድ ያሰኛል።) ከዚያ ሳንታ ባርባራ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ባስቀመጠው የድሮ ቅጂዎች ማውጫ ላይ ፈልጉት። ብዙ ጊዜ የተቀዳበትን ቀን፣ ከተማውንና የማትሪክስ ቁጥሩን (ለቀረጻው የተሰጠውን መለያ ቁጥር) ታገኛላችሁ። ዋናው ያ ቁጥር ነው። ሸክላው ላይ፣ መሃል ካለው ወረቀት አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል። ቮካሊዮን የተባለው የሸክላ አሳታሚ ያወጣቸውን አንዳንድ ቅጂዎች በኋላ ኦኬ አውጥቷቸዋል፤ ቀጥሎም ኮሎምቢያ በሌላ የካታሎግ ቁጥር አውጥቷቸዋል። ያው ቀረጻ መሆኑን የሚነግራችሁ የማትሪክስ ቁጥሩ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዱን ቅጂ ሁለቴ ገዝቼ አርፌዋለሁ።

የራዲዮ ቅጂዎችንም አትዝለሉ። የባንድ መሪው ቦብ ዊልስ በ1946 እና በ47 የቀዳቸው የቲፋኒ ቅጂዎች ለራዲዮ ጣቢያዎች የተሠሩ ስለነበሩ ሶሎው ዘና ያለ ነው። ደግሞ ዊልስ በሙዚቃው መሃል ተጫዋቹን በስሙ እየጠራ ይጮሃል። በ30ዎቹ ሸክላ ላይ «ሊዮን!» ካለ፣ ቀጥሎ የምትሰሙት ማኮሊፍን ነው።