ሐምራዊው ስክሪን ላይ ማውስ አልሰራ ሲላችሁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኡቡንቱ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የምትጠቀሙ ወሎዬዎች፣ ፓኬጅ (ፕሮግራም) ስትጭኑ ተርሚናሉ፣ ማለትም ትዕዛዝ የምትጽፉበት መስኮት፣ ድንገት ሐምራዊ ይሆንና ጥያቄ ይዞ ይመጣል፣ ማውሱ ግን "ኦኬ" የሚለውን አልነካ ይላል። በጭራሽ ተርሚናሉን እንዳትዘጉት! ጭነቱ መሃል ላይ ይቋረጣል። ታብን ተጫኑ፣ ምርጫው ወደ "ኦኬ" ይወርዳል፣ ከዚያ ኢንተር። ዝርዝር ከመጣ በቀስቶቹ ውጡ ውረዱ፣ ሳጥኑ ውስጥ ኮከብ የሚያስገባው ግን ስፔስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ኢንተር ምልክት አያደርግም፣ የፈለጋችሁትን ሳትመርጡ ያሳልፋችኋል። ስክሪኑ በፊደልና በመስመር የተሳለ ስለሆነ ኪቦርዱን ነው የሚሰማው።

"የማዋቀሪያ ፋይሉ በአዲሱ ይተካ ወይ?" ካላችሁና ፋይሉን ራሳችሁ አስተካክላችሁት ከነበረ ግን አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ልዩነቱን የሚያሳየውን ምርጫ ክፈቱ።