ጉጉት ፈላጊ ቀድሞ መሬቱን ይይ
ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ የምትወርዱ ሰዎች፣ ጉጉት ማየት ካማራችሁ ቅርንጫፉን ከመቃኘታችሁ በፊት የግራሩን ሥር እዩ። ኖራ የተረጨ የሚመስል ነጭ ኩስና አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ድብልብል ካገኛችሁ ቀና በሉ። ድብልብሉን በስንጥር ፈልቀቅ ብታደርጉት በጸጉር የተጠቀለለ የአይጥ መንጋጋ ከነጥርሱ ይወጣል፤ ጉጉት ያልተፈጨላትን መልሳ ትተፋለችና። ትናንሽ ወፎች በቀን አንድ ዛፍ ከበው ከተንጫጩም ጠጋ በሉ።

ግዙፍ ሆና የዓይኗ ቆብ ሮዝ ከሆነ፣ ያየናት ከአፍሪካ ጉጉቶች ትልቋን ነው። ከማጅራቷ በላይ ሐሰተኛ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች ያሏት ትንሿ ደግሞ በቀንም ታድናለች።

እባካችሁ፣ ባትሪ ዓይኗ ላይ አታብሩ። «ሟርተኛ ናት» ብሎ ድንጋይ የሚያነሳ ልጅ ካያችሁም ያንን የአይጥ መንጋጋ አሳዩት።