ኢትሲዲን ሲያስተዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢትሲዲ (etcd) ሰርቨሮች አብረው የሚሠሩበት ስብስብ (ክላስተር) ቅንብሩን በቁልፍና በዋጋ የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ ነው። የሚይዘው ዳታ ጥቂት ነው፤ እሱ ሲቆም ግን በእሱ የሚቀናጀው ክላስተር በሙሉ ይቸገራል።

የኖዶቹን (ኢትሲዲ የሚሠራባቸውን ሰርቨሮች) ብዛት ጥንድ ቁጥር ማድረግ፦ ለውጥ የሚጸድቀው ከግማሽ በላይ የሆኑት ኖዶች ሲቀበሉት ነው፤ ከ3 ኖድ 2፣ ከ4 ደግሞ 3። ስለዚህ 4 ኖድ ቢኖርዎትም የሚቋቋሙት የአንድ ኖድ ብልሽት ብቻ ነው። 3 ይበቃል፤ ሁለት ወድቀውም ሥራው መቀጠል ካለበት 5 ያድርጉ።

የሞተውን ሳያስወጡ አዲስ መጨመር፦ ከ3 አንዱ ሞቶ አዲስ ከተጨመረ አባላቱ 4 ይሆናሉ፣ የሚያስፈልገው ድምፅም 3። አዲሱ በአድራሻ ስህተት ካልተነሳ ኢትሲዲው ይቆማል፤ እሱን ለማስወጣትም ያው ድምፅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሞተውን ያስወጡ።

ዲስክ ማጋራት፦ ከሁሉም የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የኔትወርክ ችግር ይመስላል። ኢትሲዲ ለውጡን በኤፍሲንክ (ዳታው በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ በሚያስገድድ ትእዛዝ) ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ አያጸድቅም። ሊደሩ (ሌሎቹን የሚመራው ኖድ) በነባሪ ቅንብር በየ100 ሚሊሰከንዱ መኖሩን ያሳውቃል፤ ሌሎቹ ለ1000 ሚሊሰከንድ ያህል ካልሰሙት አዲስ ሊደር ለመሰየም ምርጫ ይጀምራሉ። ባክአፕ ወይም ከባድ ሎግ ያንኑ ዲስክ ሲያጨናንቀው ሊደሩ ይዘገያል፣ ምርጫ ይነሳል፣ ጥያቄዎች ይወድቃሉ። በኢትሲዲው መለኪያ (ሜትሪክ) ላይ 99 በመቶው ኤፍሲንክ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ማለቅ አለበት። ካለፈ ለብቻው ኤስኤስዲ ይስጡት። የምርጫውን ጊዜ ማስረዘም የሚገባው ኖዶቹ ተራርቀው ሲቀመጡ ነው፤ ለደካማ ዲስክ መሸፈኛ አያድርጉት።

ኮምፓክት አድርጎ መተው፦ የየቁልፉ አሮጌ ቅጂዎች ይከማቻሉ። ፋይሉ ነባሪውን የ2 ጊጋባይት ገደብ ሲያልፍ የ«ኖ ስፔስ» አላርም ይነሳል፤ ከዚያ ማንበብና መሰረዝ ብቻ ይፈቀዳል። ኮምፓክት ያረጀውን ያጠፋል፣ ፋይሉን ግን አያሳንሰውም፤ የሚያሳንሰው ዲፍራግ ነው። ዲፍራግ ሲሠራ ኖዱ መልስ ስለማይሰጥ አንድ በአንድ ይሂዱ፣ ሊደሩን መጨረሻ ላይ። ከዚያ አላርሙን በእጅ ያጥፉ፤ ካላጠፉት ቦታ ቢኖርም መጻፍ አይቻልም።

ሎክን በሊዝ ብቻ ማመን፦ ሎክ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ እንዲጽፍ የሚያደርግ መቆለፊያ ነው፤ ሊዝ ደግሞ ካልታደሰ የሚያልፍ የጊዜ ገደብ። የሊዙ ዕድሜ 10 ሰከንድ ነው እንበል። ሎኩን የያዘው ፕሮግራም በሜሞሪ ጽዳት ምክንያት 15 ሰከንድ ቢደነዝዝ ሊዙ ያልፋል፣ ሌላ ፕሮግራም ሎኩን ይወስዳል። የመጀመሪያው ሲነቃ አሁንም ባለቤት የሆነ መስሎት ይጽፋል። መፍትሔው ሎኩ ሲያዝ የተሰጠውን የሪቪዥን ቁጥር (በየለውጡ እያደገ የሚሄድ ቁጥር) በጻፉ ቁጥር አብሮ መላክ ነው፤ ዳታው የሚቀመጥበት ሲስተም ቀድሞ ካየው ያነሰ ቁጥር ሲመጣለት አይቀበለው።