የስብዕና መታወክና ድባቴ ያለበትን ሰው እንዴት እናስታምም? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

ድባቴ ብቻውን ሲመጣ ቤተሰብ ለማዘን አይቸገርም፤ ሰውየው ምግብ ይዘጋዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ከሰው ይሸሻል፣ መታመሙም አያከራክርም። ከድባቴው ጋር ስሜትን የሚያናውጥ የስብዕና መታወክ ሲኖር ግን ታማሚው ጠዋት ያመሰገነውን ሰው ማታ ይረግማል፣ በትንሽ ቃል ይቆስላል፣ «ይተዉኛል» የሚለው ፍርሃት ዕረፍት ይነሳዋል፣ ሲብስም ራሱን ይጎዳል። ይህን ጊዜ ቤተሰቡ ሐዘኑን ከሕመም፣ የቀረውን ከአመል ይቆጥርና «አመል ያወጣል ከመሐል» እያለ ይገሥጸዋል፤ መገለልን ለሚፈራ ሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ቃል የለም።

አስታማሚ ከሁሉ አስቀድሞ በደጉም በክፉውም ቀን አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘትን መልመድ አለበት። ደስ ባለው ቀን «በሌሊትም ቢሆን ደውል» ብሎ ቃል የሚገባ፣ ሲሰለች ደግሞ ስልኩን የሚዘጋ ዘመድ፣ ከልቡ ቢወድም እንኳ የታማሚውን ፍርሃት እውነት ያደርገዋል። ጥቂት ቃል ገብቶ ያንኑ የሚጠብቅ ሰው የበለጠ ይረዳል።

ለምሳሌ ወንድም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፣ ታማሚዋ እህቱ ደሴ ትኖራለች እንበል። ማሽን ላይ ሳለ ስልኩ ደጋግሞ ይጠራል፤ ለዕረፍት ሲወጣ «ገብቶኛል፤ ከእንግዲህ እህት አለችኝ እንዳትል» የሚል መልእክት ይጠብቀዋል። «ሥራ ላይ መሆኔን አታውቂም እንዴ?» ብሎ መመለስ እውነት ቢሆንም፣ ስሜት በጋለበት ሰዓት ማስረጃ ጆሮ አያገኝም። የሚሻለው በቅድሚያ ስሜቷን መቀበል፣ ከዚያም የሚቻለውን ብቻ መናገር ነው፦ «ሳላነሳ ስቀር የተውኩሽ መስሎሽ ነው፣ እህቴ፤ ያ እንደሚያም ይገባኛል። አልተውኩሽም። ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ እደውልልሻለሁ።» 11 ሰዓት ሲሆን ሳያሳልፍ መደወል አለበት፤ ካልደወለ ያ ሁሉ መልካም ቃል ከንቱ ይሆናል።

ስሜትን መቀበል ስድብንና ዛቻን መቀበል ማለት አይደለም። «ስትሰድቢኝ ከክፍሉ እወጣለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ እንነጋገራለን» የሚለው ወሰን ነገሩ በበረደበት ሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ በተቀመጡበት ቢነገር ይመረጣል፤ ሲደርስም እንደተባለው ይፈጸም፣ በተለይም መመለሱ አይቅር። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይህ ወሰን አይሠራም፤ ትቶ መውጣት አይገባም።

ሕመሙን ለይቶ የሚነግረው ባለሙያ ነውና ቤተሰብ በግምት ስም ከመስጠት ተቆጥቦ ታማሚውን ወደ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢወስደው ይበጃል። ለስብዕና መታወክ ዋነኛው ሕክምና በንግግር የሚሰጠው ሲሆን፣ መድኃኒት በአብዛኛው የሚታዘዘው ለድባቴው ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ እስኪያሳይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል «አልሠራም» ብሎ ማቋረጥም፣ ሲሻል በራስ ፈቃድ መተውም ይጎዳል፤ ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታባቸው ስለሚችል በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ታማሚ በቀጠሮው ቀን ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት አብሮት የሚወጣ ሰው ማግኘት ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ቀጠሮውን ለመተው ምክንያት አያጣም።

ጸበል መጠመቅ ወይም ወዳጃ ላይ ዱዓ ማስደረግ የታማሚው ፍላጎት ከሆነ ማንም ሊከለክለው አይገባም፤ መድኃኒቱ ግን ጎን ለጎን ይቀጥል። ጫትን በተመለከተ፣ እንቅልፍ የሚነሳና ምርቃናው ሲያልፍ ድብርቱን የሚያከብድ ስለሆነ፣ ሳይደብቅ ለሐኪሙ እንዲናገር ማበረታታት ያስፈልጋል።

ታማሚው «ብገላገል ይሻለኛል» ማለት ሲጀምር፣ «ይህን ሲል ኖሯል» ተብሎ መታለፍ የለበትም። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያስገባም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። ካሰበ፣ ብቻውን አይተውም፤ ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ከቤት ይውጣ፣ መድኃኒቱን ሌላ ሰው ያስቀምጥለት፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አስታማሚም ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ቃሉን መጠበቅ ያቅተዋል። ስለዚህ እናት ብቻዋን ከምትሸከመው አክስት ወይም የሚታመን ጎረቤት ተራ ቢገባ፣ ታማሚውም ሳይነገረው ሰው እንዳይቀየርበት፣ ማን እንደሚመጣና እናቱ በየትኛው ቀን እንደምትመለስ አስቀድሞ ይነገረው።