የውሻችሁ የአለርጂ መርፌ አልሠራ ካለ መጀመሪያ ፍሪጁን እዩ

ይህን የምጽፈው መርፌ አወጋጉን ለምታውቁ ነው። የአለርጂ መርፌ የምለው ውሻው የማይስማማውን ነገር ከትንሽ እየጀመሩ፣ መጠኑን በደረጃ እየጨመሩ ወግተው ሰውነቱን የሚያስለምዱበትን ነው። ሐኪሙ አሳይቷችኋል፣ የቀኑና የመጠኑ ዝርዝር በእጃችሁ ነው፣ ብልቃጡ ላይ የውሻችሁ ስም አለ። ስለዚህ ሀ ብዬ አልጀምርም። በቀጥታ ወደ ችግሩ ልግባ።

እዚህ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ አገር በሰው እጅ ነው። ለአንድ ውሻ ብቻ፣ በዚያ ውሻ ምርመራ ውጤት ተቀምሞ ነው የሚላከው። ሲበላሽ ጎረቤት ሄዳችሁ የምትዋሱት ነገር አይደለም። የጎረቤት ውሻ ብልቃጥ ለእናንተ ውሻ አይሆንም፤ የእናንተም ለእነሱ። ስንት ተጠብቆ የመጣ ብልቃጥ በአንድ ሌሊት ሲበላሽ እያየሁ ስለምበሳጭ ነው ይህን ያህል የምለፈልፈው።

ወራት አለፉ፣ ውሻው አሁንም ያካል

በሁለተኛው ወር «አልሠራም» አትበሉ። ይህ መርፌ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በጥቂት ወር ውስጥ የሚሻለው ውሻ አለ፣ እስከ አንድ ዓመት የሚፈልግም አለ። ጭራሽ የማይሻለውም አለ። ግን ተሽሎት የነበረ ውሻ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ወይም ዓመት ሊሞላው ሲል ጠብ ያለ ነገር ከሌለ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ብልቃጡ በረዶ ሆኖ ያውቃል?

ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀትን ነው። እኛ ደገኞች ደግሞ ብርድ መድኃኒት ያቆያል እንጂ ያበላሻል ብለን አናስብም። ብልቃጡ የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ ወርዶ በረዶ ከሠራ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ይጎዳል። ደፈርስ የሚለው፣ አሉሚኒየም ያለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ፤ ብታንከባልሉትም ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ጥርት ያለው ዓይነት ግን በረዶው ከሟሟ በኋላ ምንም አያሳይም። እንደ ድሮው ንጹሕ ውኃ መስሎ ይቀመጣል። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የማገኘው የፍሪጁን ጀርባ ነው። ባለ አንድ በር ትንሽ ፍሪጅ፣ ፍሪዘሩ ከላይ። ልጆች እንዳይነኩት ተብሎ ብልቃጡ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከፍሪዘሩ ሥር፣ ከኋላው ግድግዳ ጋር። አንድ ጋሼ አሉ፣ በጣም ጠንቃቃ ሰው። እያንዳንዱን መርፌ በደብተር ይጽፋሉ፦ ቀኑን፣ መጠኑን፣ በቀኝ ይሁን በግራ። የውሻቸው የቡቺ ሆድ ድኖ ፀጉር አብቅሎ ነበር። ኅዳር ላይ እንደገና መዳፉን እየላሰ አቀላው። ጋሼ ልጃቸውን ነው የጠረጠሩት፤ ጊዜው ያለፈበት ላከልኝ ብለው። ፍሪጁን ከፈትኩት። የብልቃጡ ካርቶን ከኋላ ግድግዳው በረዶ ጋር ተጣብቋል። ስስበው የካርቶኑ ታችኛው ወረቀት እዚያው በረዶው ላይ ቀረ። የብልቃጡ ስም የተጻፈበት ወረቀት ረጥቦ ተጨማዷል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ተጣብቆ አግኝተውት ያውቃሉ?»

«ሁልጊዜ ነው እንጂ! በእጄ ይዤ አሟሙቼ ነው የምወጋው።»

ደብተራቸው ላይ አንድ ቀን አልተዘለለም። ውሻው ግን ለወራት የተወጋው የተበላሸ መድኃኒት ነው። ፍሪጁም ድሮ እንዲህ አልነበረም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቶሎ ይቀዝቅዝ ብለው መቆጣጠሪያውን መጨረሻው ላይ አድርገውት፣ እዚያው ተረስቶ ቀርቷል። ይኼን ነገር በየቤቱ ነው የማየው። መብራት በመጣ ቁጥር መቆጣጠሪያውን አትነካኩ።

ቀጥሎ የማገኘው መስኮት ነው። መብራት ሲጠፋ «ውጭው ይበርዳል» ተብሎ ብልቃጡ መስኮት ላይ ያድራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚባልበት ወቅት፣ ከዚያም እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ብልቃጡም ያንኑ ሌሊት ነው ያደረው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ዝጉትና አትክፈቱት። ለሰዓታት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ተዘግቶ የቆየ ፍሪጅ ውስጥ ማደር መስኮት ላይ ከማደር እጅግ ይሻላል።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዉ ውኃ በሃይላንድ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን ያቆየዋል፣ ከዚያ ብልቃጡን ከጎኑ አስጠግቶ በፌስታል ይጠቀልለዋል። ብልቃጡ መንገድ ላይ በረዶ ሆኖ ይመጣል። የሕፃናት ክትባት የሚያጓጉዙ የጤና ባለሙያዎች ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። በረዶውን ከፍሪዘር አውጥተው ላብ እስኪያወጣና ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ እስኪንቦጫቦጭ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ነው ሳጥኑ ውስጥ የሚከቱት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ በብልቃጡና በበረዶው መካከልም ወፍራም ጨርቅ ይግባ። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ከሆነ ግን ሙቀቱም እውነተኛ ጠላት ነው። መኪናው የፊት መስታወት ሥር አታስቀምጡት።

መፍትሄው ቀላል ነው። ብልቃጡን መሐለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ፊት አስጠግታችሁ፣ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በር ላይ አይሁን፤ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። አጠገቡ ውኃ ያለበት ስኒ አድርጉ። ጠዋት ስኒው በረዶ ከሠራ ብልቃጡም ሳይነካው አልቀረም ማለት ነው። ቴርሞሜትር ካገኛችሁ፣ በተለይ የሌሊቱን ዝቅተኛ የሚይዘውን፣ ከስኒው ይሻላል።

በረዶ የሆነ ብልቃጥ አይወጋም። «ለዛሬ ብቻ» አይባልም። ያዘዘውን ሐኪም ንገሩት።

አዲሱን ብልቃጥ በድሮው መጠን አትጀምሩ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ውሻ ሊሞትበት ስለሚችል ነው። ውሻችሁ ለወራት የተበላሸ መድኃኒት ሲወጋ ከቆየ ሰውነቱ መጠኑን አልለመደም። አዲሱ ብልቃጥ ግን ሙሉ ኃይሉ አለው። ደብተራችሁ ላይ «1 ሲሲ» ስለተባለ ከአዲሱ 1 ሲሲ መውጋት ማለት ደረጃውን ሁሉ ዘሎ ጣሪያው ላይ መውጣት ነው። ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ አድርጎ እንደገና በደረጃ ያወጣዋል። የድሮው ደህና ቢሆን እንኳ ብልቃጥ ስትቀይሩ ጠይቁ። የአዲሱን የመጀመሪያ መርፌ ክሊኒክ ሄዳችሁ አስወጉ።

ከመርፌው በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት፣ ውሻው ከዓይናችሁ አይራቅ። ውሻ ላይ አደገኛው የአለርጂ ምላሽ ብዙ ጊዜ በሆድ ነው የሚጀምረው፤ ድንገት ማስመለስ፣ ተቅማጥ። ፊቱ ያብጣል፣ ቆዳው ላይ ችፍ ይላል፣ ድዱ ይነጣል፣ እግሩ ይከዳዋል። ይህን ካያችሁ ወተት ወይም ሌላ ነገር ልስጠው አትበሉ። ወዲያው ሐኪም ጋ። ሐኪሙ ሳያውቅም ቀጣዩ መርፌ አይሰጥ።

ቅዳሜ ማታ አትውጉ። ከመተኛታችሁ በፊት አትውጉ። ወግታችሁ ገበያ አትሂዱ። የሥራ ቀን ጠዋት፣ ክሊኒኩ ክፍት ሆኖ ሐኪሙ ስልክ በሚያነሳበት ሰዓት ይሁን። የእብድ ውሻ ክትባቱም በዚያው ቀን አይሁን፤ ምላሽ ቢመጣ ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ማሳከኩ መቼ ነው የሚብሰው?

በተወጋ በቀኑ ወይም በማግስቱ ከባሰበት መጠኑ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ደህና ሰንብቶ የሚቀጥለው መርፌ ሲቃረብ ከጀመረው ደግሞ ክፍተቱ ረዝሞበት ይሆናል። ሁለቱም በሐኪሙ ይስተካከላሉ። ለሐኪሙ ግን «ያካል» ብቻ ብላችሁ አትደውሉ። ከመርፌው በኋላ በስንተኛው ቀን እንደጀመረ ንገሩት፤ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

መጠኑ የተሳሳተ ሲመስላችሁ

ሐኪሙ 0.1 ሲሲ ብሎ ጽፎ 1 ሲሲ የወጋ ሰው አይቻለሁ። አሥር እጥፍ ነው። ጥፋቱ ግማሹ የሲሪንጁ ነው። ከሱቅ የተገዛ ባለ 5 ሲሲ፣ መርፌው የወፈረ፣ በጉንም በሬውንም የሚወጉበት ዓይነት። በዚያ 0.1 ሲሲ መለካት አይቻልም። እባካችሁ ለጥቂት ብር ብላችሁ እሱን አትግዙ። ባለ 1 ሲሲ ቀጭኑን ግዙ። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከሆነ የሚቆጥረው በዩኒት ነው፤ 100 ዩኒት 1 ሲሲ በሆነበት ሲሪንጅ ላይ 0.1 ሲሲ ማለት 10 ዩኒት ነው። 40 ዩኒት 1 ሲሲ የሆነበትም ዓይነት ስላለ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አንዱ ደካማ አንዱ ጠንካራ የሆኑ ሁለት ብልቃጦች ካሏችሁ የጠንካራውን ክዳን ዙሪያ ቀይ ኩቴክስ ቀቡት። የጎማውን መሐል አትንኩት። አሁኑኑ ቀቡት። የሁለቱ ወረቀት ተመሳሳይ ነው፤ መብራት በሌለበት ማለዳ አትለዩአቸውም።

ወግቼ ጀርባው ረጠበ

መርፌው በታጠፈው ቆዳ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ወጥቷል፤ መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ ነው የፈሰሰው። ፀጉረ ብዙ ውሻ ላይ ሁሌ የሚያጋጥም ነው። ፀጉሩን ለሁለት ክፈሉት፣ ቆዳው ይታያችሁ። ትከሻው መሐል ቆዳውን ቆንጥጣችሁ እንደ ድንኳን አንሱትና መርፌውን ከድንኳኑ ሥር፣ ከጀርባው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አስገቡ። ከመግፋታችሁ በፊት ትንሽ ሳቡ። አየር ያለ ችግር ከገባ አልፋችሁ ወጥታችኋል፣ ደም ከመጣ ሥር ነክታችኋል። በሁለቱም አውጡትና በአዲስ መርፌ ሌላ ቦታ ሞክሩ።

ምን ያህሉ እንደገባ ካላወቃችሁ ግን አትድገሙ። «ግማሹ ፈሷል» ብሎ በግምት መጨመር የለም። ደብተር ላይ ጻፉና ቀጣዩን ጠብቁ።

መርፌው ደህና፣ ፍሪጁ ደህና፣ ማሳከኩ ግን አለ

ቁንጫ። ውሻው በአጎዛ ላይ ይተኛል፣ ወይም ከበጎቹ ጋር ያድራል፣ ወይም አሮጌ ባና ተነጥፎለታል። የትኛውም የአለርጂ መርፌ ቁንጫ አይገድልም። ጅራቱ ሥርና ወገቡ ላይ በጥርሱ የሚነካከስ ከሆነ እዚያ አካባቢ በጥርሰ ጠባብ ማበጠሪያ አበጥሩትና የወጣውን ጥቁር ደቃቅ ነገር እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉት። ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተበተነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የውሻችሁ ደም ነው። ውሻውን ብቻ አታክሙ፤ ምንጣፉ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ አጎዛው ይውጣ።

የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ተልጦ፣ የቤቱም ሰው ማከክ ከጀመረ እከክ ይሆናል። ሐኪም ይየው። ለበግ የገዛችሁትን የተባይ መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲንን፣ በግምት አትውጉት። ዝርያቸው የማይችለው ውሾች አሉ፤ ነርቫቸው ተመትቶ ይሞታሉ። ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ገዝቶ መውጋትም እንዲሁ ይቅር። ለጥቂት ቀን ማሳከኩን ጸጥ ያደርገዋል፣ መርፌው ሠርቶ ይሁን አይሁን ግን ማወቅ ያቅታችኋል። ሲያስፈልግ ሐኪሙ ራሱ ያዘዋል።

አልፎ አልፎ

የተወጋበት ቦታ ትንሽ እብጠት፦ በጥቂት ቀን ካልጠፋ ይታይ፤ ቦታ እየቀያየራችሁ ውጉ፣ የተቀዳውን ሲሪንጅ ቅዝቃዜው እንዲለቀው በመዳፋችሁ ጥቂት ያዙት።

ጥርት ያለው መድኃኒት ከደፈረሰ ወይም ክር ከታየበት አይወጋም።

ውሻው ሲሪንጁን አይቶ የሚሸሽ ከሆነ ከምግቡ ሰዓት ጋር አያይዙት፤ ሥጋ እየበላ ይወጋ። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይሁን፣ ሽንኩርት ውሻን ይጎዳል። የሚናከስ ከሆነ አፉን ሳታስሩ አትጀምሩ።

ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ ለመግጠም አትሞክሩ፤ ሰው የሚወጋው ያኔ ነው። እንዳለ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጣሉት። ቆሻሻ ውስጥ ከገባ ቆራሌው ወይም ሕፃን ልጅ ያገኘዋል። ጠርሙሱ ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽጋችሁ ለክሊኒኩ ስጡ።