የጎግል ክላስሩም ስልጠና ለመምህራን፦ የት ይሰናከላል? ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በትምህርት ቤታቸው ባልደረቦቻቸውን ጎግል ክላስሩም (የቤት ሥራ በኢንተርኔት የሚሰጥበት፣ የሚረከብበትና የሚታረምበት መተግበሪያ) ለሚያሰለጥኑ የአይሲቲ መምህራን ነው። አብዛኛው ሰልጣኝ በአንድሮይድ ስልክና በግል ጂሜይል እንደሚሠራ ታሳቢ አድርገናል። የቁልፎቹን ስም ስልኩ ላይ እንደሚነበበው በእንግሊዝኛ አጠራሩ ጽፈነዋል፤ ሰልጣኙም የሚፈልገው በዚያው ስም ነው።

ምልክት፦ በስልጠናው ቀን ሁሉም ችሎ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በክላስሩም የከፈቷቸው ክፍሎች ባዶ ናቸው

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመምህሩ ስንፍና ተደርጎ ይወሰዳል። አይደለም። አሰልጣኙ በፕሮጀክተር እያሳየ ሰልጣኙ እየተከተለ ቁልፍ ከነካ፣ የተማረው የአሰልጣኙን ጣት መከተል ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት ደግሞ መምህሩ ተማሪው ምን እንደሚያይ አለማወቁ ነው። የመምህር ገጽና የተማሪ ገጽ አይመሳሰሉም። ተማሪ «የማስረከቢያው ቁልፍ የለም» ሲለው መልስ ያጣ መምህር፣ በማግስቱ ወደ ቴሌግራም ግሩፑ ይመለሳል።

መፍትሄው ስልጠናውን በአንድ የቤት ሥራ ሙሉ ዑደት ዙሪያ ማዋቀር ነው፦ መስጠት፣ ማስረከብ፣ ማረም፣ መመለስ። ስትሪም (የክፍሉ ማስታወቂያ ገጽ)፣ ገጽታ ማስዋብ፣ የስብሰባ ሊንክ ሁሉ ይቆዩ። ሰልጣኞችን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንደኛው በራሱ አካውንት ክፍል ከፍቶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በእርግጥ የሚሰጠውን ጥያቄ ይለጥፋል። ሁለተኛው በክፍሉ መግቢያ ኮድ እንደ ተማሪ ገብቶ ይሠራል፣ «ተርን ኢን» (አስረክብ) ይላል። የመጀመሪያው ያርማል፣ ይመልሳል። ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ለዚህ ብቻ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተመሳሳይ ጊዜ ሌላ አምስት ነገር ለማሳየት አትሞክሩ። አሰልጣኙ የሰልጣኙን ስልክ ተቀብሎ አይንካ፤ በቃል ብቻ ይምራ።

ለወደፊቱም እያንዳንዱ መምህር ሁለተኛ ጂሜይል ስልኩ ላይ ጨምሮ በራሱ ክፍል ውስጥ እንደ ተማሪ ይመዝገብ። ከላይ በቀኝ ያለውን ምስል ነክቶ አካውንት መቀያየር ይበቃዋል።

ምልክት፦ ስልጠናው ሊጀመር ሲል ግማሹ ሰው መግባት አቃተው

ስልኩ ላይ ጂሜይል አለ፣ የይለፍ ቃሉን ግን ባለቤቱ አያውቀውም። የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ሱቅ ነው፤ የማረጋገጫ ኮዱም ወደማይታወቅ ሲም ይሄዳል። «እዚሁ አዲስ እንክፈት» ሲባል ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይመጣል፦ አንድ ስልክ ቁጥር ለብዙ አካውንት ከዋለ ጎግል ለማረጋገጫ አልቀበለውም ይላል። አሰልጣኙ በራሱ ቁጥር ለሰው ሁሉ መክፈት የማይችለው ለዚህ ነው።

አካውንት የስልጠናው ቀን ሥራ አይደለም። ሳምንት ቀድሞ እያንዳንዱ በራሱ ሲም ይክፈት ወይም የነበረውን ያስተካክል። ቁጥሩ ሲሞላ አገሩ ኢትዮጵያ፣ +251 መሆኑ ይታይ። የመልሶ ማግኛ ቁጥሩ የራሱ መሆኑንም በአካውንቱ «ሰኩሪቲ» ገጽ ያረጋግጥ። ክላስሩም፣ ድራይቭ (የፋይል ማስቀመጫው) እና ዶክስ (የጽሑፍ መጻፊያው) በዚያው ሳምንት ይጫኑ። በስልጠናው ዕለት የፕሌይ ስቶር አውቶ አፕዴትና የጎግል ፎቶስ ባክአፕ ይጥፉ፤ ሃያ ስልክ በአንድ ዋይፋይ ላይ በአንድ ጊዜ ፎቶ መጫን ሲጀምር ኔትወርኩ ያልቅና ጥፋቱ ወደ ክላስሩም ይዞራል።

ምልክት፦ ተማሪው በሰዓቱ አስረክቦ «ሌት» (ዘግይቷል) ተባለ

ይህ የእኛ አገር ልዩ ችግር ነው። ክላስሩም የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓትና ቀን ነው። ማታ 2 ሰዓት ያሰበ መምህር 2:00 ፒኤም ብሎ ሲሞላ፣ ማስረከቢያው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያልፋል፤ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ማለት ነው። ትክክለኛው 8:00 ፒኤም ነበር። ቀን መርጦ ሰዓቱን ባዶ የተወው ደግሞ 11:59 ፒኤም ይሰጠዋል፤ በእኛ ከምሽቱ 5:59 መሆኑ ነው። ከዚያ ደቂቃ በኋላ ቀኑ ይቀየራል። እኛ ግን ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ነውና፣ አርብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚልክ ተማሪ «ገና አርብ ነው» ሲል ሲስተሙ ቅዳሜ ብሎ መዝግቦታል።

ሰልጣኞች በወረቀት ላይ አሥር ሰዓቶችን እየቀየሩ ይለማመዱ፤ ያሳፍራል ብላችሁ አትዝለሉት። ከዚያ አንድ ወጥ ልማድ ያዙ፦ በመመሪያው ሳጥን ውስጥ ማስረከቢያውን በአማርኛ ደግሞ መጻፍ፣ ለምሳሌ «እስከ ጥር 12 ማታ 2 ሰዓት»። ጥር 12 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን በአንድ ቀን ይገፋል፣ ስለዚህ ካላንደር ሳያዩ አይሞላ። «ሌት» ማለት አልደረሰም ማለት እንዳልሆነም ንገሯቸው፤ ማስረከቢያው ሲያልፍ እንዲዘጋ መምህሩ ካልመረጠ በስተቀር ሥራው ገብቷል።

ምልክት፦ ተማሪዎች በአንድ ወረቀት ላይ እየጻፉ የጓደኛቸውን መልስ አጠፉ፤ ወይም ጭራሽ መጻፍ አልቻሉም

ፋይል ሲያያዝ ከጎኑ ሦስት ምርጫ አለ። «ቪው» ከሆነ ተማሪው ማንበብ ብቻ ይችላል፤ «ኤዲት» ከሆነ ክፍሉ ሁሉ አንድ ፋይል ይጋራል። ለቤት ሥራ የሚሆነው «ሜክ አ ኮፒ ፎር ኢች ስቱደንት» ነው፤ ለእያንዳንዱ በስሙ አንድ ቅጂ ይወጣለታል። ስልክ ላይ ምርጫው በትንሹ ስለሚታይ መምህራን ሳያዩት ያልፋሉ። ከተለጠፈ በኋላ ወደዚህ መቀየር አይቻልምና፣ የተሳሳተው ተሰርዞ እንደገና መሰጠት አለበት። ተማሪዎች የጻፉት ካለ አስቀድመው ይገልብጡት።

ምልክት፦ መምህሩ የተማሪውን ሥራ ሲከፍት «ዩ ኒድ አክሰስ» (ፈቃድ ያስፈልግሃል) ይለዋል

ሁለት ምክንያት ነው ያለው። ተማሪው ፋይሉን ከማያያዝ ይልቅ ሊንኩን ለጥፎ ይሆናል፤ በሊንክ ሲለጠፍ ፈቃዱ አብሮ አይመጣም። «አድ አታችመንት» ከዚያ «ድራይቭ» ወይም «ፋይል» ብሎ እንዲያያዝ አድርጉ። ሊንክ ካልሆነ መምህሩ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ጂሜይል ከፍቷል ማለት ነው፤ ብራውዘሩ ፋይሉን መጀመሪያ በገባው አካውንት ይከፍተዋል። ለትምህርት ቤቱ አካውንት ለብቻው የክሮም ፕሮፋይል (በብራውዘሩ ውስጥ የተለየ መግቢያ) ይፍጠር።

ከቴሌግራም የመጣ የክላስሩም ሊንክ «ግቡ» ብሎ መለመኑም የዚሁ ዘመድ ነው፦ ገጹ የተከፈተው በቴሌግራም የራሱ ብራውዘር ውስጥ ነው፤ አካውንቱ እዚያ የለም። ሦስቱን ነጥብ ነክቶ በክሮም መክፈት ይፈታዋል። ቴሌግራምን ከመምህራን እጅ ለማስጣል መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው። ማስታወቂያውና ሊንኩ በዚያ ይሂድ፣ ማስረከብ በክላስሩም ብቻ ይሁን።

ምልክት፦ «አርሜያለሁ» ይላል መምህሩ፤ «ውጤት አላየንም» ይላሉ ተማሪዎቹ

ነጥቡ ተሞልቷል፣ «ሪተርን» (መልስ) የሚለው ቁልፍ አልተነካም። እስኪመለስ ድረስ ረቂቅ ስለሆነ ለተማሪው አይታይም። የነጥቡ መነሻም 100 ነው፤ ከ10 የሚታረም ከሆነ ከመስጠቱ በፊት ይቀየር።

ምልክት፦ የአማርኛ ወርክሽቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ተከፈተ

ፋይሉ የተጻፈው ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደሉን በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት አሠራር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው፤ አሮጌ የፈተና ፋይሎች ውስጥ ሞልቷል። ጎግል ዶክስ ያንን ፎንት ስለማያውቅ በስሩ ያሉትን የላቲን ምልክቶች ያሳያል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ፣ ፎንቱ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ፒዲኤፍ ማድረግ ይበቃል። ተማሪ የሚጽፍበት ከሆነ ግን በዩኒኮድ እንደገና መተየብ አለበት፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ይሆናል።

ምልክት፦ የጎግል ፎርምስ (የመጠይቅ ማዘጋጃው) ፈተና ትክክለኛውን መልስ ስህተት አለ

አጭር መልስ ላይ ሲስተሙ የሚያመሳስለው ፊደል በፊደል ነው። መምህሩ «ፀሐይ» ብሎ ሞልቶ ተማሪው «ጸሀይ» ካለ ዜሮ ያገኛል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያለበት መልስ ሁሉ አደጋ አለው። በ«አንሰር ኪ» (የመልስ ቁልፍ) ላይ ሊጻፉ የሚችሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ጨምሩ። ከአራት በላይ አጻጻፍ የሚወጣው ቃል ከሆነ ጥያቄውን ወደ ምርጫ መቀየር ይሻላል፤ የአማርኛ መምህር ስለ ሆሄያት መፈተን ከፈለገ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ምልክት፦ የክላስሩሙ ስም ዝርዝር ከማርክ ሊስቱ ጋር አይገናኝም

«ቤቢ»፣ «የማርያም ልጅ»፣ የአባት ስልክ ላይ ያለ የአባት ስም። መምህሩ የተማሪን ስም ከክላስሩም መቀየር አይችልም፤ ባለቤቱ ከጎግል አካውንቱ ነው የሚቀይረው። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ይህንኑ አድርጉት፦ ስም ከነአባት ስም፣ ያለ ነጥብ፣ በሦስት ቀን። «ፒፕል» (የአባላት ዝርዝር) ገጽ ላይ ደርድሩ ሲል «ፈርስት ኔም» ይመረጥ፤ በ«ላስት ኔም» ከሆነ ክፍሉ በአባት ስም ይደረደርና ውጤት ሲገለበጥ መስመር ይዘለላል።