ትንሽ ልጅን በአሜሪካ የኦንላይን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት ማስመዝገብ ይቻላል

ፎርሙን መሙላት አንድ ምሽት ይበቃዋል። ሳምንታት የሚፈጀው ወረቀቶቹ እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው፦ የልደት ሰርተፍኬቱ አንድ ስም፣ የክትባት ካርዱ ሌላ ስም ይላል፤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል፤ የመብራት ቢሉ የሚመጣው በአጎት ስም ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ እነዚህን ቀድሞ ካስተካከለ የቀረው ቀላል ነው። ከወረቀቱ በፊት ግን መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀን ቀን ከልጁ ጋር ማን ይቀመጣል?

የኪንደርጋርተን ወይም የአንደኛ ክፍል ልጅ ኮምፒውተር ፊት ብቻውን ተቀምጦ አይማርም። መመሪያውን ገና ማንበብ አይችልም። ማይክሮፎን መክፈትና መዝጋት፣ ከአንዱ የቪዲዮ ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት፣ የሠራውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ መላክ የአዋቂ እጅ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቶቹ ይህን ሰው «ለርኒንግ ኮች» ይሉታል፤ በትንንሾቹ ክፍሎች በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይፈልጉታል። ሌሊት ሠርቶ የገባ ወላጅ ይህን ደርቦ ልወጣው ቢል እንቅልፉንም የልጁንም ትምህርት ያጣል። አያት ቤት ካሉ ልጁን ሊይዙና ሊያበረታቱ ይችላሉ፤ የእንግሊዝኛውን መመሪያ የሚያነብ ሰው ግን አብሯቸው መኖር አለበት።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሬዶ የጥናት ማዕከል በ2015 ባወጣው ጥናት የኦንላይን ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት) ተማሪዎች በመደበኛ ትምህርት ቤት ካሉ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በዓመት በሒሳብ የ180፣ በንባብ የ72 የትምህርት ቀናት ያህል ወደኋላ ቀርተው ተገኝተዋል። ቀን የሚቀመጥ ሰው ከሌለ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ በእርግጥ የመንግሥት ነው?

የመንግሥት የኦንላይን ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ የስቴቱን ፈተና ያስፈትናል፤ ልጁም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ ይቆጠራል። ወላጅ ራሱ ከሚያስተምርበት «ሆምስኩሊንግ» የሚለየው በዚህ ነው። አንዳንዱን የትምህርት ዲስትሪክቱ ያስተዳድረዋል፤ ሌላው እንደ ፍሎሪዳ ቨርቹዋል ስኩል በስቴት ደረጃ የተቋቋመ ነው፤ ሌላው ደግሞ እንደ ስትራይድ ኬ12 ወይም የፒርሰኑ ኮኔክሽንስ አካዳሚ ካሉ ድርጅቶች ጋር የሚሠራ ቻርተር ነው። እነዚሁ ድርጅቶች የሚያስከፍሉ የግል የኦንላይን ትምህርት ቤቶችም ስላሏቸው ስሙ ያምታታል። ወርሃዊ ክፍያ ከተጠየቁ የመጡት ወደ ግሉ ነው። እርግጠኛ ለመሆን የስቴትዎ የትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሙ መኖሩን ይመልከቱ።

ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው በዚያው ስቴት፣ አንዳንዴም በዚያው ዲስትሪክት የሚኖርን ልጅ ብቻ ነው። ዕድሜውንም ያረጋግጡ። በካሊፎርኒያና በቴክሳስ ኪንደርጋርተን ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ 5 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ በቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ በዋሽንግተን ስቴት እስከ ኦገስት 31። ብዙዎቹ ምዝገባ የሚጀምሩት በጸደይ ነው። የተማሪ ቁጥር ገደብ ያላቸው ቶሎ ስለሚሞሉ ኦገስትን አይጠብቁ።

ወረቀቶቹን ማስማማት

የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ የልደት ሰርተፍኬት ወይም ፓስፖርት፣ የክትባት ማስረጃ፣ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ ልጁ ከዚህ በፊት ተምሮ ከሆነ የውጤት ካርዱ። ልዩ ድጋፍ ያገኝ የነበረ ልጅ የድጋፍ ዕቅዱን ማለትም አይኢፒውን ይጨምራል።

ከስሙ ይጀምሩ። ልጁ በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ የአያቱን ስም እንደ «ላስት ኔም» ይዞ ሳለ ክሊኒኩ በአባቱ ስም መዝግቦት ሊሆን ይችላል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው። በፎርሙ ላይ የልደት ሰርተፍኬቱን እያዩ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ ክሊኒኩም በዚያው እንዲያስተካክል ይጠይቁ። የእናት፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም መለያየቱ ግን ችግር የለውም። ዝምድናውን የሚያሳየው የወላጆች ስም ያለበት የልደት ሰርተፍኬት ነው።

ቀጥሎ ቀኑ። ከኢትዮጵያ የመጣ የክትባት ካርድ ላይ 12/03/2012 ተጽፎ እንደሆነ ያስቡ። እኛ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ብለን እናነበዋለን፤ ይህም ኖቬምበር 22 ቀን 2019 ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ የምታነበው ግን ዲሴምበር 3 ቀን 2012 ብላ ነው፤ ልጁ ከመወለዱ ከዓመታት በፊት ተከተበ ማለት ይሆናል፣ ማስረጃውም ይመለሳል። ካርዱን ከማስገባትዎ በፊት እያንዳንዱን ቀን አስቀይረው፣ አስተርጉመው፣ ዋናውንና ትርጉሙን አንድ ላይ ይላኩ።

ክትባቱ ራሱም የሚጎድለው ይኖራል። በኢትዮጵያ በ9 ወር የተሰጠ የኩፍኝ ክትባት እዚህ አይቆጠርም፤ ከአንደኛ ዓመት ልደት በፊት ስለሆነ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ወዲህ በአፍ የተሰጠ የፖሊዮ ጠብታም አይቆጠርም፤ ጠብታው የሚከላከለው ከሦስቱ የፖሊዮ ዓይነቶች ሁለቱን ብቻ ነውና። በመርፌ የተሰጠው ፖሊዮ ይቆጠራል። የጆሮ ደግፍና የጉድፍ (ቺክንፖክስ) ክትባት ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ አይገኙም። የሐኪም ቀጠሮውን ከምዝገባው አንድና ሁለት ወር አስቀድመው ይያዙ፤ በሁለት ዶዝ መካከል የሚጠበቅ ጊዜ አለ። ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው ልጅ በፌዴራሉ የሕጻናት ክትባት ፕሮግራም ክትባቱን ያለ ዋጋ ያገኛል፤ የካውንቲውን ጤና መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ልጁ ቤት ስለሚማር ክትባት አያስፈልገውም ብለው አይገምቱ።

ለአድራሻ የቅርብ ጊዜ የመብራት፣ የውሃ ወይም የጋዝ ቢል፣ ወይም የኪራይ ውል ያቅርቡ። የሞባይል ስልክ ቢልን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ዘመድ ቤት ካሉ ባለቤቱ «እኔ ጋ ይኖራሉ» ብሎ የሚፈርምበት ፎርም አለ፤ አንዳንዴ ኖተራይዝ መደረግ ማለትም ፊርማው በሕጋዊ አረጋጋጭ ፊት መረጋገጥ አለበት። ቤት በማጣት ወይም በገንዘብ ችግር ሰው ጋ ተጠግተው ከሆነ ይህንኑ ይናገሩ። ማክኪኒ ቬንቶ የተባለው የፌዴራል ሕግ ወረቀት ባይሟላም ልጁ ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ያዛል።

የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግዴታ አይደለም፤ ቦታውን ባዶ መተው ይቻላል። በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ልጅን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከልም አይቻልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ፕላይለር እና ዶ በተባለው ክስ ወስኖታል።

ወረቀቶቹን ሲያነሱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ መስኮት አጠገብ፣ አራቱም ማዕዘን እንዲታይ አድርገው ያንሱ። የደበዘዘ ፎቶ ብዙ ማመልከቻ ያዘገያል። አንዱን ከሌላው ሳይቀላቅሉ እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል ያስገቡ።

ፎርሙና የቤት ቋንቋ ጥያቄው

በድረ ገጹ ላይ የወላጅ አካውንት ይከፍታሉ፤ ከአንድ በላይ ልጅ ካለ ሁሉንም በዚያው ያስገባሉ። በየቀኑ የሚያዩትን ኢሜይል ይስጡ፤ የጎደለ ወረቀት የሚጠየቀው በእሱ ነው።

መሃል ላይ «ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ልጁ መጀመሪያ የተናገረው በምን ቋንቋ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ወላጆች ልጄን ወደኋላ ያስቀሩብኛል ብለው ፈርተው «እንግሊዝኛ» ይጽፋሉ። እውነቱን ይጻፉ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ ከሆነ አማርኛ። የሚከተለው አጭር የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ልጁ ካለፈ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ ካላለፈ ተጨማሪ የቋንቋ ድጋፍ ያገኛል፣ ትምህርት ቤቱም ውሳኔውን በጽሑፍ ያሳውቅዎታል። ድጋፉን አልፈልግም ማለት ይችላሉ፤ በየዓመቱ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ግን አይቀርም። እንግሊዝኛ ብሎ መጻፍ የሚያስቀረው እርዳታውን ብቻ ነው።

ለራስዎም አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት፣ ክፍያ የለውም። ስልክ ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብለው ይጠብቁ። ትልቁ ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ የትምህርት ጉዳይ የልጅ ሸክም መሆን የለበትም።

ከተፈቀደ በኋላ

ልጁ አሁን ሌላ ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ የመቀበያ ደብዳቤው እጅዎ እስኪገባ አያስወጡት። ሲገባ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለቀድሞው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በቃል ብቻ ከቀረ እዚያ በየቀኑ «ቀሪ» እየተባለ ይመዘገባል።

መጻሕፍትና ዕቃ ይላክልዎታል፤ ላፕቶፕ በአንዳንዱ ለሁሉም፣ በአንዳንዱ የገቢ ፎርም ለሞሉ ቤተሰቦች ነው። ካርቶኖቹንና በውስጡ ያለውን የመመለሻ ወረቀት አይጣሉ። ትምህርቱ ከመጀመሩ ከጥቂት ቀናት በፊት ካሜራውን፣ የጆሮ ማዳመጫውንና የልጁን የይለፍ ቃል ይሞክሩ። ቪዲዮው ከተቆራረጠ ልጁን ወደ ዋይፋዩ ሳጥን ያስጠጉ ወይም በኬብል ያገናኙት፤ በዚያ ሰዓት ሌላው የቤቱ ሰው ፊልም እንዳይከፍት ያድርጉ።

በየቀኑ የመገኘት ምዝገባ አለ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ወላጅ በራሱ አካውንት ገብቶ ይሞላዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ተምሮ እርስዎ ካልሞሉ ቀርቷል ተብሎ ይቆጠራል፤ ሲደጋገም ከትምህርት ቤት እስከመሰረዝ ያደርሳል። ስልክዎ ላይ ለምሽት ደወል ይሙሉለት። ሌላው ነገር የልጁን ሥራ ለልጁ መተው ነው። መልሱን ወላጅ ከነገረው መምህሯ የሚጎድለውን ማየት አትችልም።

ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ በፌዴራል ሕግ በየዓመቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በአካል ስለሆነ የፈተና ጣቢያው ከቤትዎ ምን ያህል እንደሚርቅ ሲመዘገቡ ይጠይቁ፤ መኪና የሌለው ቤተሰብ ከአንድ ቀን በላይ ሊመላለስ ይችላል። ልጁ ካልተስማማው በዓመቱ መሃልም ቢሆን ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት መመለስ ይችላል። መጀመሪያ እዚያ ያስመዝግቡት፣ ከዚያ ከኦንላይኑ በጽሑፍ ያስወጡት፣ ላፕቶፑንም በመጣበት ካርቶን መልሰው የመላኪያውን ደረሰኝ ያስቀምጡ።